ጎንደር ላይ ሌንስ ፍለጋ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ኅዳር ሲገባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መልካቸው ይቀየራል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ፎቶ ማተሚያና ስለ ኮምፒውተር ስትጠይቁኝ ትቆያላችሁ። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ሁሉም ነገር ሌንስ ይሆናል። ዘንድሮም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለሌንስ ሰጥቼዋለሁ።

ፒያሳ አጠገብ ስቱዲዮ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እዚሁ ጎንደር ሱቅ ገብቼ፣ ሌንስ አማርጬ፣ ገዝቼ የወጣሁበት ቀን የለም። ያሉኝ ሌንሶች በሙሉ በሰው እጅ ነው የመጡት። አንዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ አንዱ ከዱባይ በነጋዴ፣ አንዱ በዘመድ ሻንጣ። የምመልስላችሁም ከዚያ ከተማርኩት ነው።

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ነው የምኖረው። ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው። ሌንሴ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ዙም (18-55) ብቻ ነው። ገንዘብ አጠራቅሜ ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት፣ ልቀይር አስቤያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ሶኒ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ካኖን አርኤፍ ይለኛል። አዲስ አበባ ደውዬ ስለ ሌንሱ ስጠይቅ «በትዕዛዝ ነው፣ መንገደኛ ሲገኝ ይመጣል» አሉኝ። ለጥምቀት ይደርስልኛል? የቱንስ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለጥምቀት ይደርሳል ብለህ ሥራ እንዳትቀበል። መንገደኛ ቀኑን ይቀይራል፣ ሻንጣውም ይሞላበታል። በእጅህ ባለው ዕቃ የምትችለውን ሥራ ብቻ ተቀበል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሶኒ ወይስ ካኖን ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ደግሞ መልሼ ልጠይቅህ። አዘዞና ጎንደር የምታውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ቦርሳቸው ውስጥ ምን ይዘዋል? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። እዚህ ከተማ የሌንስ መጋዘን የሚባል ነገር ካለ የባልደረቦችህ ቦርሳ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላጫውትህ።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ የከተራ ዕለት ነው። ታቦታቱ ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ እየወረዱ ነው። እኔ ከፊት ሆኜ ወደ ኋላ እየተራመድኩ አነሳለሁ። ድንገት ካሜራዬ «ኤረር 01» ብሎ ቀጥ አለ። ሌንሱና ካሜራው መነጋገር አልቻሉም ማለት ነው። መንገድ ዳር ወጥቼ ሌንሱን ነቀልኩት። ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋቸው። መልሼ ገጠምኩት። አንድ ፎቶ አነሳ። ሁለተኛው ላይ ያው ኤረር። ጥቂት ከሞካከርኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ሰፋ አድርጌ 2.8 ላይ ስተወው ያነሳል። ወደ 5.6 ስዘጋው ይቆማል። አፐርቸሩን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ሪባን ኬብል ተበጥሷል።

በ2.8 መቀጠል እችል ነበር። ግን ካህናቱ በሦስትና በአራት ረድፍ ነው የሚሄዱት። የፊተኛው ሲጠራ የኋለኛው ይደበዝዛል። እዚያው ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

አጠገቤ የሌላ ስቱዲዮ ባለቤት ነበር። በሥራ እንፎካከራለን፣ ደንበኛም እንቀማማለን። ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ ከቦርሳው 50 ሚሊ ሜትሯን አወጣ። «እንካ፣ ማታ ትመልስልኛለህ» አለኝ። የቀረውን ቀን በሙሉ በእሷ ሠራሁ። የእሱ ካሜራ ኒኮን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እጄን አጣጥፌ ነበር የምቆመው። ያ ሰው ዛሬም ባልንጀራዬ ነው። የእኔ 85 ሚሊ ሜትር እሱ ጋ፣ የእሱ ዋይድ (ሰፊ ቦታ የሚያሳየው ሌንስ) እኔ ጋ ይከርማል።

ሌንስ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት ቦታ፣ እኛ ማውንት የምንለው፣ በየኩባንያው ይለያያል። የካኖን ኢኤፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የኒኮን ኤፍ ደግሞ ከ1959 ጀምሮ አለ። ስለዚህ በሰው እጅ የሚዞረው ያገለገለ ሌንስ በብዛት የእነዚህ የሁለቱ ነው። የሚረርለሶቹ ገና ዕድሜያቸው አጭር ነው። የሶኒ ኢ በ2010፣ የካኖን አርኤፍና የኒኮን ዜድ በ2018 ነው የመጡት። ለአርኤፍማ ከካኖን ውጪ ሌላ ኩባንያ ኦቶ ፎከስ ያለው ሌንስ እንዲያወጣ በሩ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነበር የቆየው። ሲግማና ታምሮን ፈቃድ አግኝተው ማስተዋወቅ የጀመሩት በ2024 ነው። እነሱም የጀመሩት ትንሹ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላላቸው ካሜራዎች በሚሆኑ ሌንሶች ነው። ለአንተ ይህ ምን ማለት ነው? ዛሬ አርኤፍ ሌንስ ብትፈልግ አዲሱን፣ በዶላር ዋጋ፣ ከሩቅ ነው የምታስመጣው። ኢኤፍ ብትፈልግ ግን ሦስት ስልክ ደውለህ ታገኛለህ።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ቦዲውን፣ ካሜራውን ራሱን፣ ለጊዜው አትቀይር። ለሰርግ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው የጎደለህ። ያገለገለ ታምሮን 17-50 ወይም ካኖን 17-55 ፈልግ። ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር 2.8 ናቸው። የአንተ 18-55 ዙም ስታደርገው 5.6 ይሆናል። ልዩነቱ በብርሃን 4 እጥፍ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ገንዘብ ከተረፈህ አፐርቸሯ እስከ 1.8 የሚከፈተውን 50 ሚሊ ሜትር (50 1.8) ጨምርበት።

ነገ ወደ ሚረርለስ ስትሄድ ካኖን አርኤፍ ግዛ። ሌንሶችህን አትሽጣቸው። ኢኤፍ ሌንስ ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። አርኤፍ ካሜራ ላይ ርቀቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረውን 24 ሚሊ ሜትር በመሃል የሚገጠመው ማገናኛ፣ አዳፕተሩ፣ ይሞላዋል። አዳፕተሩ ውስጥ መስታወት የለም። ባዶ ቀለበት ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ነጥቦች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ጥራት አይቀንስም፣ ኦቶ ፎከሱም በደንብ ይሠራል። ግልባጩ ግን አይሆንም። አርኤፍ ሌንስ በምንም መንገድ 700ዲ ላይ አይሠራልህም። ኢኤፍን በአዳፕተር ሶኒ ላይ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ይሠራል፣ ነገር ግን ፎከሱ እንደ አዳፕተሩና እንደ ሌንሱ ይለያያል። ሰርግ ላይ ቀለበት ሲጠለቅ ፎከስ ቢያቅማማብህ ማንም አይደግምልህም።

ጋሼ፣ ስቱዲዮዬ ቀበሌ 18 ነው። ቪዲዮ እሠራለሁ። ካኖን ኢኤፍ 70-200 2.8 ሌንስ ለማስመጣት ቀብድ ከከፈልኩ አራት ወር ሆነኝ። ነጋዴው አንዴ «ፋብሪካው አልላከም» ይላል፣ አንዴ «ዶላር» ይላል። እውነት የሌንስ እጥረት አለ ወይስ እየተጫወተብኝ ነው?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ነጋዴውን እኔ አላውቀውም፣ ልፈርድበት አልችልም። ግን እውነተኛውን ምክንያት ካወቅክ ውሸቱን ትለየዋለህ።

እጅግ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ትንሿ 50 1.8 ውስጥ ያሉት መስታወቶች 6 ናቸው። የካኖን ኢኤፍ 70-200 2.8 ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ ውስጥ 23 መስታወቶች አሉ። እያንዳንዱ ከሺህ ዲግሪ በላይ ቀልጦ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ውስጡ ይወጠርና ብርሃኑን ያዛባል። ከዚያ ይሞረዳል፣ ይለሰልሳል፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ቀጭን ሽፋን ይቀባል። በመጨረሻ 23ቱም በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። አንዱ በጥቂቱ ዘንበል ካለ የፎቶው አንድ ጥግ ይደበዝዛል። ይህን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ አይደሉም። ስለዚህ አንዱ ሲቆም ዓለም ሁሉ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የካኖን የኡትሱኖሚያ ሌንስ ፋብሪካ ሥራ አቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ አዩታያ ያለው የኒኮን ፋብሪካ ውኃ ውስጥ ገባ። በ2021 ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠፍቶ ካኖንም ኒኮንም ለዘገዩ ሌንሶች ደንበኞቻቸውን ይቅርታ ጠይቀዋል።

የአንተ ሌንስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ካኖን ኃይሉን ወደ አርኤፍ ካዞረ ቆይቷል። የኢኤፍ ሌንሶችን አንድ በአንድ ማምረት እያቆመ ነው። ስለዚህ ነጋዴህ «አዲስ ኢኤፍ 70-200 ጠፋ» ቢልህ እመነው። «ያገለገለውም ጠፋ» ቢልህ አትመነው። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ወደ ሚረርለስ ሲሄዱ ኢኤፋቸውን እየሸጡ ነው።

ዶላሩም እውነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ምንዛሬው በገበያ ሲወሰን የባንኩ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በድሮው ዋጋ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ዛሬ በዚያው ዋጋ ቢያመጣ ይከስራል። ይህን ፊት ለፊት ሊነግርህ አፍሮ ሊሆን ይችላል። ቁጭ በሉና ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ። ሌንሱ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥህ። አሁንም ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ቀብድህን ጠይቅ።

ጋሼ፣ በቴሌግራም አይቼ ኒኮን 50 1.8ዲ ገዛሁ። ካሜራዬ ዲ5300 ነው። ሌንሱ ይገጥማል፣ ያነሳል፣ ግን ኦቶ ፎከስ ጨርሶ የለውም። ሻጩ የተበላሸ ሰጥቶኛል አይደል?

አይደለም። ሌንስህ ደህና ነው። ችግሩ «ኤኤፍ» እንጂ «ኤኤፍ-ኤስ» አለመሆኑ ነው። የዚህ ዓይነት ሌንስ ውስጡ ሞተር የለውም። ካሜራው ነው የሚያዞረው። የአንተ ዲ5300 ደግሞ ያ ሞተር የለውም። ዲ3000 እና ዲ5000 የሚባሉት ቤተሰቦች በሙሉ የላቸውም። ለአንተ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል የተጻፈበት ነው የሚሆንህ። ዲ90 ወይም ዲ7000 ያለው ሰው ፈልግና አቀያይሩ። እሱ ጋ ኦቶ ፎከሱ ይሠራል። ሻጩ ካሜራህን ሳይጠይቅ መሸጡ ግን ልክ አልነበረም።

ማራኪ ካምፓስ የምማር ተማሪ ነኝ። በዕረፍት ሰሜን ተራሮች ልሄድ ነው። ካኖን ካሜራ ከ18-55 ጋር ከወንድሜ ተውሼያለሁ። አንድ ሰው 75-300 በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?

እህቴ፣ አትግዢው። በብዛት የሚሸጠው 75-300 ማረጋጊያ የለውም። ሩቅ ስታቀርቢ የእጅሽ መንቀጥቀጥ ሁሉ ፎቶው ላይ ይወጣል። «ኤስቲኤም» የሚል የተጻፈበት 55-250 ካገኘሽ እሱ ይሻልሻል። ቀላል ነው፣ ማረጋጊያም አለው። ወይም አትግዢ፣ ተዋሺ።

ደግሞ ለጭላዳ ረጅም ሌንስ አያስፈልግሽም። ሳንቃ በር አካባቢ መንጋው ሣር እየነጨ ይቀመጣል። ረጋ ብለሽ ከተቀመጥሽ በ55 ራሱ ፊቱ ይሞላልሻል። ጠጋ ብለሽ አታስጨንቂያቸው፣ ምግብም አትስጫቸው። ለዋሊያና ለአሞራ ነው 250ው የሚያስፈልግሽ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቢ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጪ። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ይቆይ። አለበለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

አስጎብኚ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ለማንሳት ስሞክር ፎቶው ይደበዝዛል። ፍላሽ መጠቀም አይቻልም። ምን ዓይነት ሌንስ ያስፈልገኛል?

እርስዎ 50 1.8 ያስፈልግዎታል። ለካኖንም ለኒኮንም ከሌንሶች ሁሉ በቀላሉ የምትገኘው እሷ ናት። ከ5.6 ጋር ሲወዳደር 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ታስገባለች። አንድ ወይም ሁለት የመላእክት ፊት ቆንጆ አድርጋ ታወጣልዎታለች። ጣሪያውን በሙሉ ከፈለጉ ግን ያው 18-55ዎን 18 ላይ አድርገው፣ ካሜራውን በጀርባው ወለሉ ምንጣፍ ላይ አስተኝተው፣ በሰዓት ቆጣሪው ያንሱ። ምንጣፉ ከማንኛውም እጅ ይረጋጋል። ካህናቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ጋሼ፣ ያገለገለ ሌንስ በስልክ ሲልኩልኝ ፎቶው ሁሌም አዲስ ይመስላል። እጄ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት የገዛሁት ውስጡ ጭጋግ ነበረው። እንዴት ልለየው? የነበረኝንስ እንዴት ልጠብቀው? (ከብልኮ)

ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፣ እኔም ደርሶብኛልና። አንድ ሻጭ ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ የሻገተ 85 ሚሊ ሜትር ላከልኝ። ስሙን አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አይቼ ገንዘብ ልኬ አላውቅም።

ቪዲዮ ጠይቅ። ሻጩ የሁለቱንም ጫፍ ክዳን ያውልቅ። የስልኩን ባትሪ መብራት ያብራና ከኋላ በኩል፣ ትንሽ አጋድሞ፣ ወደ ውስጥ ያብራበት። አንተ ከፊት በኩል ነው የምታየው። አቧራ ብትንትን ያሉ ነጥቦች ሆኖ ይታይሃል። እሱ አያስጨንቅም፣ የሌለበት ሌንስ የለም። ሻጋታ ግን ሥር አለው። ከመስታወቱ ጠርዝ ይነሣና እንደ ሸረሪት ድር ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ መሃል ይሄዳል። ያን ካየህ ተወው፣ በነፃ ቢሰጥህም ቦርሳህ ውስጥ አታስገባው። ወተት ጠብ ያለበት ውኃ የመሰለ ድፍን ብዥታ ካየህም ተወው። እሱ ነው አንተ ጋ የደረሰው።

ኒኮን ከሆነ ከኋላው ትንሽ መቀርቀሪያ አለች። በጣት ገፋ አድርጎ ይልቀቃት። የአፐርቸሩ ቅጠሎች ፈጥነው መመለስ አለባቸው። እየተጎተቱ ከተመለሱ ዘይት ገብቶባቸዋል። ካኖን ኢኤፍ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይህ አይሆንለትም። እሱን ካሜራ ላይ ገጥሞ በ8 ወይም በ11 ያንሳ። ኤረር ካላመጣ ጥሩ ነው። የከተራው ጉዴ ያስተማረኝ ይህን ነው።

ሌንሱ እጅህ ሲገባ ደግሞ ፋሲል ግንብ ሂድ። ከድንጋዩ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ቁም። በሰፊው አፐርቸር አንሳና አራቱን ጥግ አቅርበህ እይ። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ በአራቱም ጥግ እኩል ከታየህ መስታወቶቹ አልተዛነፉም። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ይህን በሁለት ቀን ውስጥ እንደምታደርግና ካልሆነ እንደምትመልስ ከመክፈልህ በፊት ተስማሙ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለህ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ሄዶ በዓይኑ ይየው።

ስለ ጥበቃው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የእኛ እርጥበት ለሻጋታ ምቹ ነው። የቆዳ ማኅደር ውስጥ ሌንስ አታሳድር። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። አልባሳት ሳጥን ውስጥም አትቅበረው። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ይበቃል። ውስጡ ሲሊካ ጄል አድርግ። ከጫማ ካርቶን የምናገኛት ትንሽ ከረጢት ቶሎ ትጠግባለች። ቀለሙን የሚቀይረውን ፍሬ ካገኘህ እሱን ያዝ። ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል። ያኔ ምግብ በማይሠራበት መጥበሻ ላይ፣ በዝግታ እሳት፣ የቀድሞ ቀለሙ እስኪመለስ አሙቀው። አቀዝቅዘህ መልሰህ አስገባ። እኔ ሐምሌና ነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት፣ ቡና ሲፈላ፣ አጠገቡ አሞቀዋለሁ። ሌንሶቹንም በዚያው አውጥቼ ዙማቸውን ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቅሳቸዋለሁ፣ አየር እንዲገባቸው።